ሰሊጥ የምትቆላው ጀነሬተር

ከውሰር ሞተር መግጠምን የተማረችው መፍታትን ከመማሯ በፊት ነው። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የመንገዱ ነው። ጎንደር ያለው የርቀት ትምህርት ቤት ሞጁሎቹን ተራቸውን ጠብቆ ይልካል። ከጎንደር መተማ የሚወርደው መንገድ ግን ተራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፣ ተከፈተ ሲባል ደግሞ መኪናው ይበላሻል። ስለ መፍታት የሚያስተምረው ሦስተኛው ሞጁል ሸሕዲ ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ሲከርም፣ ስለ መግጠም የሚያስተምረው አራተኛው በሌላ መኪና አልፎት መጣ። እሷም የተፈታ ሞተር ከታች እስከ ላይ እንዴት እንደሚገጠም በቃሏ ያዘችና የሚገጠም ሞተር አጣች።

"ምንም አይደል ሐቦባ፤" አለች ለአማቷ፤ "እኔ የምፈልገው መግጠሙን ነው።"

እውነቷን ነበር። ከውሰር ትምህርቱን የጀመረችው ሥራ ልትይዝበት አልነበረም፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ልትሰቅለውም አልነበረም። ባሏ ሙኽታር ለጀነሬተራቸው ፋሻ ሊገዛ ወደ ሱዳን ተሻግሮ እንደወጣ ቀርቷል። ፋሻውን ይዞ የመጣ ዕለት፣ ገና የበሩን ደፍ ሳይሻገር፣ "አምጣው እስቲ" ብላ ከእጁ ልትቀበለው ነው። እሱ ቁጭ ብሎ ውሃ እየጠጣ ሳለ ራሷ ልትገጥመው፣ አፉን ከፍቶ ሲያያት ልታየው ነው። ትምህርት ሁሉ እንዲህ ባለ ምክንያት ቢጀመር ኖሮ በዚህ አገር ያልተማረ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ፋሻ ማለት ሞተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሮጠውን ፒስተን የሚከበው ስስ የብረት ቀለበት ነው። ከሕፃን አምባር አይበልጥም። እሱ ካልጠበቀ ሞተሩ ትንፋሹን መያዝ ያቅተዋል፤ ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት እጅ ላይ ይላላል እንጂ አይነሳም። እንዲህ ላለች ብጣሽ ብረት ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መንገድ።

ጀነሬተሯም ብትሆን ትልቅ አልነበረችም። በአንድ እጅ የምትንጠለጠል፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጣት፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ፣ ወደ ድንበሩ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ዱካናቸው በር ላይ የምትቀመጥ። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ መተማ ላይ ደግሞ መብራት መጥፋቱን ትቶ አያውቅም። ሙኽታር ስልኮቹን እንደ ዓሣ ደርድሮ ይሰካል፣ ሳሙናና ስኳር ይሸጣል፣ ያወራል። ማውራት ይወድ ነበር፤ በሞተሩ ድምፅ ላይ ስለሚጮህ የሚያወራው ሁሉ ማዶ ገላባት ድረስ ይሰማል ብለው ይቀልዱበታል።

ታዲያ አንድ ወቅት የሞተር ዘይት ከገበያው ድርቅ ብሎ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው የሙኽታር እናት ነገሩ ውስጥ የገቡት። ሙባረካ ይባላሉ፤ አገሩ ግን በሱዳኖቹ አጠራር ሐቦባ ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። የልጅ ልጅ ገና አላዩም፤ ማዕረጉን ከተማው በዱቤ ሰጥቷቸዋል። ሥራቸው የሰሊጥ ዘይት መሸጥ ነው። ዘይታቸውን በማያምን ሰው ይቀየማሉ። ጉልበቱን ለያዘው ዘይት፣ ጆሮው ለተደፈነው ዘይት፣ ፀጉሯ ለተነቃቀለባት ዘይት፣ ሆዱን ለነፋው አንድ ማንኪያ ዘይት። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደውም ያንኑ ጠብ አድርገውበት ነበር፤ ባይለቅም፣ "ባላደርግ ኖሮ ይብስ ነበር" ይላሉ።

"የሰው መገጣጠሚያ የሚያላላ ዘይት የብረቱን አያላላም ያለህ ማነው?" አሉት ልጃቸውን። ጠርሙሱንም አቀበሉት።

ሙኽታርም አደረገው። ሰሊጥ የትም እንደ አፈር በሚታፈስበት አገር ይህን ያላሰበ ሞኝ ነው ብሎም ተኩራራ። ጀነሬተሯ ተነሳች! ተነስታም ዱካኑንና መንገዱን፣ አልፎም እስከ አህያ መቆሚያው ድረስ በተቆላ ሰሊጥ ሽታ ሞላችው። አላፊ አግዳሚው፣ "የሙኽታር ጀነሬተር ሰሊጥ መቁላት ጀመረች" እያለ ይስቅ ነበር። የሞተር ዘይት በኋላ ገበያ ቢመጣም እሱ አልተመለሰም፤ ደንበኞቹ ሽታውን ለምደውታል፣ እናቱም ኮርተዋል።

ከውሰርስ? እሷ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ምሽት ላይ ከጉድጓድ ውሃ ይዛ ስትመለስ፣ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለች ያ ሽታ ይቀበላታል። ሙኽታር በር ላይ ነው ማለት ነው። ሳታየው ታውቃለች፤ እርምጃዋ ሳታዘው ይፈጥናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስታለች፤ የድምፁን ልክ እንኳ አንዳንዴ ልታስታውሰው ስትል ይሸሻታል። ያ ሽታ ግን አፍንጫዋ ሥር እንዳለ ነው፤ ሰሊጥ ሲቆላ በሸተታት ቁጥር ዞር ብላ መንገዱን ታያለች።

አንድ ቀን የጀነሬተሯ ገመድ ላላ። ሙኽታር ሳበ፣ ሳበ፤ ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ "ፋሻዋ ሞቷል" አለ። ከማን እንደተማረው አላህ ይወቅ፤ ብቻ በሙሉ ልቡ ነው ያለው። ፋሻው መተማ የለም፤ ሸሕዲም የለም። ጊዜው ረመዳን ነበር። "ገዳሪፍ ደርሼ፣ ለዒድ ከእናንተ ጋር ነኝ" ብሎ ድልድዩን ተሻገረ። ከገዳሪፍ ደወለ፤ እዚያም የለም። ኻርቱም ግን የዚህ ዕቃ ብቻ ገበያ አለ አሉት፤ በነገው መኪና ይሄዳል።

"ይቅር ሙኽታር፤ ተወውና ና፤" አለችው።

"ሰሊጥሽን ሳላስቆላማ አልመጣም" ብሎ ሳቀ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ኻርቱም ገባ ከተባለ ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተነሣ። ስልኩ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ሰው በድልድዩ ላይ ጎረፈ። ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ባዶ እጁን የመጣ። ከውሰር ድልድዩ አፍ ላይ ቆማ የሙኽታርን ፎቶ ለሁሉም ታሳይ ነበር። አንዱ ወድ መደኒ አየሁት አላት፤ ሌላው የለም ከሰላ ነው አለ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ፖርት ሱዳን በአንድ መኪና አብረን ነበርን ብላ ማለችላት። ሁሉም አይተውታል፤ ማንም አላየውም። በኋላ ድንበሩም ተዘጋ፤ የሚመጣም ቀረ፤ የምትጠይቀው ሰው አጣች። ሰው ናፍቆት ይለምዳል ይላሉ። ውሸት ነው። የሚለምደው ስለ ናፍቆቱ አለማውራትን ነው።

የትምህርቱን ነገር ያየችው በእንዳለው ሚኒባስ መስታወት ላይ ነው። እንዳለው ከጎንደር መተማ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ መስታወቱ ላይ ከስንጥቁ ጎን አንድ ወረቀት ለጥፏል፦ በቤትዎ ሆነው ሙያ ይማሩ። ልብስ ስፌት፣ የስልክ ጥገና፣ የአነስተኛ ሞተር ጥገና።

"ልብስ ስፌቱን ላስመዝግብሽ?" አላት።

"ሞተሩን።"

እንዳለው ከላይ እስከ ታች አያት። "ከውሰር፣ አንቺ መርፌ ክር ማስገባት ያቃተሽ ሴት አይደለሽም ወይ?"

"ለዚህ እኮ ነው ሞተሩን ያልኩህ።"

እንዲህ ተጀመረ። ሞጁሎቹ ሲመጡ ታነባለች፤ ጥያቄዎቹን ትመልሳለች፤ መልሱን እንዳለው ይወስደዋል። ጎንደር ያሉት አራሚ መምህር ገብረማርያም ይባላሉ፤ መልካቸውን አታውቅም፣ ቀይ ቀለማቸውን ግን ታውቀዋለች። ሰውየው ቁምነገረኛ ናቸው። በመጀመሪያው ሞጁል፣ "ከሞተር ድምፅ ምን መረዳት ይቻላል?" የሚል ጥያቄ ነበር። ከውሰር ብዙ ሳታስብ፣ "ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን" ብላ ጻፈች። መልሱ ሲመለስ ጎኑ ላይ፣ "ግማሽ ማርክ። እባክዎ ስለ ሞተሩ ይጻፉ" የሚል ነበረበት። ለሐቦባ ስታነብላቸው፣ "ሰውየው ሚስት የላቸውም መሰለኝ" አሉ።

ሐቦባ ትምህርቱን ወደውታል። ማታ ማታ ጎኗ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጧታል፤ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካርቡራቶር እያለች የሞተሩን ክፍሎች ስትጠራ እንደ ዱዓ ይከተሏታል። ጀነሬተሯን ማስነካት ግን አይሆንም። ሙኽታር ትቶት በሄደው ጀለቢያ ሸፍነው ከዱካኑ ጓሮ አስቀምጠዋታል፤ በየጠዋቱ እየዳሰሱ አቧራዋን ያራግፋሉ።

"ባለቤቷ ሳይመጣ ሆዷን አትክፈቻት፤" ይላሉ። "የመንገደኛ ዕቃ ተፈትቶ አይጠብቀውም። መንገዱም አብሮ ይፈታበታል።"

ነገሩ እንዲህ እንዳለ የሰሊጥ አጨዳ ደረሰና ለጉልበት ሠራተኛው ሲባል መንገዱ ተከፈተ። የከረመው ሦስተኛ ሞጁል መጣ፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። መጨረሻው ላይ የተግባር ሥራ አለበት፦ አንድ የማይሠራ ሞተር ፈትተው ያገኙትን ይጻፉ። ይህን ያልሠራ ተማሪ ወደ ማጠቃለያው አያልፍም። ከውሰር ለሐቦባ ሁለቴ አነበበችላቸው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሆን ብላ ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም።

ሐቦባ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ። "ፍቺ ፍቺ ያለው መጽሐፉ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም፤" አሉ በመጨረሻ። "ተሰናድታ ትጠብቀው ካልሽ ክፈቻት። ግን ብሎኗ አንዲት እንዳትጠፋ።"

ጠዋት ጥላው ሳይሸሽ ጓሮ ምንጣፍ ዘረጉ። ሐቦባ ጀለቢያውን በእጃቸው ገልጠው አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ከውሰር የምታወጣውን ብሎን ሁሉ እዚያው ላይ ይቀበላሉ። እየዳሰሱ፣ "ይኼ አጭሩ ነው፤ ይኼ ረጅሙ ነው" እያሉ ይለያሉ። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ወጣ። የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተነሣ። ከውሰር የሙኽታርን ቁልፍ ስትጨብጥ መዳፉ የነበረበትን ቦታ የያዘች መሰላት። ሲሊንደሩን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሳበችው፤ ፒስተኑ ብቅ አለ።

የተሰበረ ፋሻ ነበር የጠበቀችው፤ ወይም እንደ ወረቀት ሳስቶ ያለቀ። ያየችው ግን ሙሉ ፋሻ ነው። ስብራት የለበትም። ጎድጓዳ ቦታው ውስጥ ተለጥፎ ቀርቷል እንጂ፤ ዙሪያውን እንደ ደረቀ ማር ያለ ቡናማ ሙጫ ይዞታል። በጥፍሯ ፈቀፈቀችውና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ያ አላህ!" ሐቦባ ቀና አሉ። አፍንጫቸው ከከውሰር ቀድሟል። "ሸተተኝ! ልጄ ሸተተኝ! ይኸው እኮ፣ ሰሊጡ! እስካሁን አለ፣ አልጠፋም!" እጃቸውን በአየሩ ዘረጉ፤ ፒስተኑን አገኙት፤ ጣታቸውን አሽተው አሸተቱ። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ። እንኳን ከፈትሻት።"

ከውሰር ጥፍሯ ሥር የቀረውን ሙጫ አየች። አራተኛው ሞጁል ላይ፣ ከመግጠም በፊት በሚለው ርዕስ ሥር፣ በቃሏ የያዘችው አንድ መስመር ነበር፦ ፋሻ ሞቷል ብለው ከመጣልዎ በፊት አጥበው ይዩት፤ ያልሆነ ዘይት የጠጣ ሞተር ፋሻው ይጣበቃል እንጂ አይሞትም። ስታጠናው እንዲያው ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሐቦባ ለዙህር ሶላት እስኪገቡ ጠበቀች። ከዚያ ፒስተኑን ቤንዚን ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከረችው፤ በእንጨት ስንጥር ዙሪያውን ፈለፈለችው፤ አሸችው። ሙጫው እየሟሟ ቤንዚኑን አጠቆረው። በድንገት ፋሻው ከተያዘበት ተላቀቀና ከጣቷ ሥር ፍንጥር አለ። ብልጭ ብሎ ያበራል። ሲሊንደሩ ውስጥ አግብታ አየችው፤ ልክክ አለ። ምንም አልሆነም። ያን ጊዜም ምንም አልሆነም ነበር።

አንድ ጣሳ ቤንዚን። እዚሁ ጓሮ፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ዙህር። ሙኽታር ለዚህ ነው የሄደው። የተጓዘው መንገድ ሁሉ አላስፈላጊ ነበር፤ ገዳሪፍም አላስፈላጊ፣ ኻርቱምም አላስፈላጊ። እሷ እስከ ዛሬ ጦርነቱን ስትረግም ነበር፤ አሁን የምትረግመው አጣች። ምክንያቱም ሞተሯን የደፈናት ዘይት የማን እንደሆነ ታውቃለች። ዘይቱ በፍቅር የተሰጠ ነው። ሰጪዋ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሰግደው፣ ልጃቸውን እንዲመልስላቸው እየለመኑ ነው።

ሐቦባ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ። "እህ? ሞቷል ወይ ፋሻው?"

"ሞቷል፤" አለች ከውሰር።

"ብሎኝ ነበር እኮ!" አሉ። ልጃቸው አውቆ ስለነበር ደስ አላቸው።

የታጠበውን ፋሻ መልሳ ገጠመችው። መግጠሙን እንደሁ በደንብ ታውቀዋለች። ጀለቢያውንም መልሰው ሸፈኑባት። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ከውሰርን አሰቃዩዋት። በጀነሬተሯ ባለፈች ቁጥር እጇን ይበላታል። ገመዱን አንዴ ብትስበው እንደምትነሳ ታውቃለች፤ ከተነሳች ደግሞ የሙኽታር መንገድ ለከንቱ መሆኑ በአደባባይ ይጮኻል። ሳትነሳ ብትቀር ዱካኑ ጨለማ ነው፣ ሰፈሩ ዝም ነው፣ ምሽቱ ምሽት አይደለም። ድምፅዋን መስማት ፈልጋለች። እንዲሁ አንዴ፣ ቤት ውስጥ ሰው ያለ እስኪመስል ድረስ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሐቦባ ጎረቤት ሄደው ነበር። ከውሰር እንዳለው ካመጣላት የሞተር ዘይት በልኩ ቀላቀለች፤ ጀነሬተሯን ወደ ዱካኑ በር አወጣቻት፤ ቢስሚላህ አለችና ሳበች። ገመዱ እጇን መልሶ ሳባት። ሞተሯ ትንፋሽ ይዛለች። በሁለተኛው ተነሳች።

ሳቀች፤ ብቻዋን ሳቀች። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ ሙኽታር እያለ እንኳ እንዲህ አልነበረም። አምፖሉ በራ። ያን ጊዜ ከጎረቤት በኩል ጩኸት ሰማች።

"ሙኽታር!"

ሐቦባ ናቸው። አጥሩን በአንድ እጃቸው እየዳሰሱ፣ ነጠላ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ ብቻ ሆኖ ይሮጣሉ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዓይን ይሮጣሉ። "ሙኽታር! ልጄ! መጣህልኝ? ፋሻውን አገኘኸው?"

ከውሰር ይህን አላሰበችም። ሁሉን አስባ፣ ይህን አላሰበችም። ጀነሬተሯ የምትነሳው ፋሻ ሲመጣ ነው፤ ፋሻውን የሚያመጣው ሙኽታር ነው። ሌላ ምን ያስቡ እናት? ሮጣ ያዘቻቸው።

"እኔ ነኝ ሐቦባ። እኔ ነኝ።"

"እሱስ?"

"እሱ ገና ነው።"

ሐቦባ ደረታቸው ከፍ ዝቅ እያለ ወደ ድምፁ ዞረው ቆሙ። ከውሰር ደግፋ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸው። "ፋሻው ሳይመጣ በምን ተነሣች ታዲያ?" አሉ ቀስ ብለው።

አንድ ውሸት ብቻውን አይኖርም፤ ጎረቤት ይፈልጋል። "እንዳለው ከጎንደር አመጣልኝ።"

"ጎንደር ኖሯል?" የሐቦባ ፊት ጠቆረ። "እዚህ ጎንደር ኖሮ ነው ልጄ ያንን ሁሉ የሄደው?"

"ያኔ አልነበረም ሐቦባ። በቅርቡ ነው የመጣው። እንዳለውም በአጋጣሚ አይቶ ነው የገዛው።"

"ያኔ አልነበረም፤" አሉ ለራሳቸው፣ እንደ መድኃኒት። "አዎ፤ ያኔ አልነበረም።" ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ጭሱ አዞሩ። "ምነው ታዲያ አልሸተተኝም? ይኼ የሰው አገር ጭስ ነው።" መልስም አልጠበቁ፤ ግድግዳውን ተከትለው ገቡና ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። "እንኪ። እሱ እንደሚያደርጋት አድርጊያት። ሲመጣ ከመታጠፊያው ሸትቶት ይግባ።"

ከውሰር ጠርሙሱን ተቀበለች። ዘይቱ የሐቦባን እጅ ሙቀት ይዟል። አሁን ብትናገርስ? ሐቦባ፣ ሞተሯን የገደላት ይኼ ነው፤ ሙኽታርን መንገድ ያወጣው ይኼ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እውነት ነው። መምህር ገብረማርያም ሙሉ ማርክ ይሰጡበታል። ቀና ብላ አየቻቸው፤ አንድ ጫማ ብቻ ያደረጉ፣ እግራቸው አቧራ የለበሰ፣ ፊታቸው ወደ መንገዱ የዞረ።

"ምነው ዝም አልሽ? ዘይቱ ምን ሆነ?" አሉ ሐቦባ።

ሆድ ይፍጀው። "ምንም አልሆነም፤ ጥሩ ዘይት ነው፤" አለችና ሞተሯን አጥፍታ ጨመረችላት።

እንደገና ስትነሳ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ነጭ ጭስ ተፋች። ከዚያ መጣ። የተቆላ ሰሊጥ፣ መንገዱን ሞልቶ፣ እስከ አህያ መቆሚያው ድረስ። ለአማቷ ብላ ብቻ አደረገችው ቢባል ውሸት ይሆናል። ከውሰር ዓይኗን ጨፍና እስከ ሆዷ ድረስ ሳበችው። ለአንድ አፍታ ከጉድጓድ የምትመለስ ሙሽራ ሆነች፤ ዞር ብትል በር ላይ የቆመ መሰላት፣ ዞርም አለች። ናፈቀችው። እስከ ዛሬ ያልናፈቀችውን ያህል ናፈቀችው።

በመንገዱ የሚያልፍ አንድ የጎረቤት ሰው ቆም አለ። "ሙኽታር መጣ እንዴ?"

"ሊመጣ ነው፤" አሉ ሐቦባ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እንዲሁ ነው። መብራት ጠፍቶም ሆነ ሳይጠፋ ሐቦባ ጠርሙሳቸውን ያመጣሉ፤ ጀነሬተሯ ሰሊጧን ትቆላለች። ጁምዓ ጁምዓ ረፋድ ላይ ደግሞ እህታቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ከውሰር ምንጣፏን ጓሮ ትዘረጋለች። ካንዴላውን ታወጣለች፣ ቴስታታውን ታነሣለች፣ ፋሻውን ቤንዚን ነክራ ዙሪያውን ትፈለፍላለች። አማቷ ሲመለሱ ሁሉም ቦታው ተመልሷል፤ ቤንዚኑ ተደፍቷል፤ እጇ በሳሙና ታጥቧል። አሁን በጣም ፈጥናለች። ሳታይም ትችለዋለች።

የማጠቃለያ ፈተናው በእንዳለው እጅ መጥቶ፣ ተሠርቶ ሄደ፤ ታርሞ ሲመለስ ምሽት ሊሆን ነበር። ከውሰር ዱካኑ በር ላይ ቆማ ገለጠችው። ከአንዱ በቀር ሁሉንም አግኝታለች። ጥያቄው፣ "ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጠው አነስተኛ ሞተር ፋሻው በየስንት ጊዜው ወጥቶ ይታጠባል?" ይላል። እሷ፣ "በየጁምዓው" ብላለች። መምህር ገብረማርያም በቀያቸው ሠርዘውበታል፦ "ስህተት። በትክክለኛው ዘይት የሚሠራ ሞተር ይህን ያህል ማጠብ አያስፈልገውም።"

"ምን አሉሽ ሰውየው?" አሉ ሐቦባ ከበርጩማው።

"አልፈሻል አሉኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሳትኩት።"

"የትኛውን?"

"ስለ ማጠብ ነው።"

"አይዞሽ፤" አሉ ሐቦባ፣ ጠርሙሱን ወደ ድምፅዋ እየዘረጉ። "እሱን ሙኽታር ሲመጣ ያሳይሻል። እንኪ፣ መሸብን።"